ብርድ የለመደችው ሙሽራ

ባለፈው ሳምንት ሚጣን የተለየናት በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል፣ ግራ እግሯን አጠገቧ ያለ ወንበር ላይ ዘርግታ ተራዋን ስትጠብቅ ነበር። ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ናት። እግሯ ግን ያለፈው ሳምንት እግር አይደለም። ጠገገ የተባለው ቁስል ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ እንደገና አፉን ከፍቷል።

ነገሩን ገና ዛሬ ለሚሰማ፣ ሚጣ ልብስ ሰፊ ናት። ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ያሳደጓት አያቷ ከሕፃንነቷ ጀምረው ሚጣ ሲሏት ሰፈሩም ደንበኛውም አጸደቀው። መኪና ገጭቷት የግራ እግሯ አጥንት ተሰበረና በብረት ተያያዘ። አጥንቱ ገጠመ ተብሎ ሰው እፎይ ሲል፣ ብረቱ ላይ ተሐዋስያን ሰፈሩበት። እነሱ ደግሞ ብልጦች ናቸው፤ እንደ ሙጫ ያለ ሽፋን ሠርተው ከሥሩ ይደበቃሉ። መድኃኒት ቢዋጥም ቢወጋም እዚያ አይደርስም። መጠኑን እንጨምረው ሲባል ኩላሊቷ እምቢ አለ። ቀዶ ሐኪሙም በመጨረሻ፣ መርዙ ወደ ደሟ ሳይገባ እግሩ ቢቆረጥ ይሻላል አለ። የስፌት መኪናዋን ፔዳል የምትረግጠው በዚያ እግር ነው።

ያን ጊዜ ነው አንድ ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና የተገኘው። መድኃኒቱን በዓይን በማትታይ የቅባት አረፋ ይጠቀልሉትና በደም ሥር ይሰዱታል። አረፋዋ በሰውነት ውስጥ ስትዞር ኩላሊቱንም ጉበቱንም ሳትነካ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። የታመመው ቦታ ስትደርስ ከውጭ በአልትራሳውንድ፣ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፣ ይመቷታል፤ እዚያው ትፈነዳና የያዘችውን ሁሉ ታራግፋለች። ድምፁ ያን ሙጫ መሳይ ሽፋንም ይንጠዋል። ለካንሰር ሕሙማንም የሚሞክሩት በዚሁ ማሽን ነው። የሚጣ አያት ይህን ሲያስረዷቸው ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ ቆዩና፣ “አልትራሳውንድ?” አሉ ደንግጠው። “ኧረ ልጄን ያመማት እግሯን ነው! ሆዷን ማን ምን አለው?”

ማሽኑን የሚይዘውን ወጣት ሕሙማኑ ባለ ማሽኑ ይሉታል። ክፍሉን የምትመራው የፕሮፌሰሯ ልጅ ነው። ታዲያ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እናቱን “ዶክተር” እና “እርስዎ” እያለ ነው የሚጠራት፤ እሷም ከሌላው ሠራተኛ ለይታ አታየውም። ሁለት ጊዜ የሚጣን እግር አክሟል። በመጀመሪያው ቀን ሚጣ የጋወኑ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አይታ አላስችል ሲላት፣ ከቦርሳዋ መርፌ አውጥታ እዚያው ተከለችለት። በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ከማሽኑ መስታወት ሳያነሳ፣ “ሕክምናሽ ሲያልቅ የምነግርሽ ነገር አለኝ” አላት። ከዚያ ወዲህ የሚጣ ስፌት ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም።

እንግዲህ በዚህ ጠዋት የማሽኑ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ምነው ሰው በር ሲዘጋ አጥብቆ ቢዘጋ! በዚያች ክፍተት የባለ ማሽኑ ድምፅ ወጣ። ስልክ ላይ ነው።

“ሙሽራዋ ነገ ጠዋት ትገባለች” አለ።

ሚጣ ወደ አፏ ያስጠጋችው የሻይ ኩባያ ከንፈሯ ላይ ቀረ።

“አዎ፣ ከውጭ ነው የምትመጣው። አውሮፕላን ማረፊያ ራሴ ሄጄ ነው የምቀበላት፤ ሾፌር አምኜ አልልክም።” አዳመጠና ሳቀ። “ኧረ በጭራሽ! ብርድ የለመደች ናት፣ ሙቀት አይስማማትም። ትንሽ ከተንገላታች አለቀላት። ምን አልክ? አዎ፣ ነገውኑ ነው የምንጨርሰው። ካደረችማ ምን ትሠራልኛለች?”

ሚጣ ኩባያውን አስቀመጠችው። የት እንዳስቀመጠችው ግን አላየችም፤ አያቷ ጭን ላይ ነበር።

“ኧረ አቃጠልሽኝ!” አሉ አያቷ ቀሚሳቸውን እያራገፉ። ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ ለሠርግ ወሬ ግን ደክሞ አያውቅም። “ማነው ሙሽራ የሚመጣለት?”

“ባለ ማሽኑ።”

“ይሄ የኛው?”

“የኛ አይደለም፣ እማማ።”

“እሰይ! ደግ ልጅ ነው፣ ይገባዋል። ከውጭ ነው ያለው? ይሁን፤ የትልቅ ሰው ልጅ...” የልጅ ልጃቸውን ፊት አዩና ወሬው አፋቸው ውስጥ ቀረ። “ምነው? ምን ሆንሽ? እግርሽ ነው?”

“እግሬ ነው” አለች ሚጣ። ያ እግር ከታመመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀማት።

ባለ ማሽኑ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። “ዛሬ አንሠራም፤ ነገ ነው” አላት። “ነገ እንዳትቀሪብኝ። ትልቅ ቀን ነው!”

“ለማን?” አለች።

“ለማን ነው ትያለሽ እንዴ? ለሁላችንም!”

እያሳቀቃትም፣ እያስኮረፋትም፣ ደግሞ ያንን በደስታ የበራ ፊት እንደገና ማየት እያሰኛትም ከክራንቿ ጋር እየታገለች ወጣች።

*

ከሰዓት በኋላ አያቷ የስፌት ክፍሉን በር ከፍተው ገቡ፤ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የተማሪ ሸሚዝ አነሱና አገላብጠው አዩት።

“ይሄ እጅጌ ምን ፈልጎ ነው ኮሌታው ጋ የወጣው?”

ሚጣ ሸሚዙን ተቀበለቻቸው። እውነትም እጅጌውን አንገቱ ላይ ገጥማዋለች፤ ያውም በጥሩ ስፌት፣ ደጋግማ አጥብቃ። ስቃ ልታልፈው ፈለገች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

“ነገ አልሄድም፣ እማማ።”

“የት ነው የማትሄጂው?”

“ሕክምናው በቃኝ። ይቁረጡት።”

አያቷ እንደቆሙ ግድግዳውን ያዙ። “ምኑን? ደግሞ ትናገረዋለች እኮ! ክር በጥስ እንደማለት! ማነው ምን ያለሽ? ሲስተሯ ናት? ያቺ ሳቂታ?”

“ማንም ምንም አላለኝም።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

“ማሽኑን ሌላ ሰው የሚይዘው ቢሆን እሄድ ነበር።”

አያቷ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ የተከለችውን ቁልፍ አሰቡ፣ የጠፋውን የምግብ ፍላጎቷን አሰቡ፣ አንገት ላይ የወጣውን እጅጌ አዩ። “ውይ ልጄን!” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እኔ እኮ የምፈራው ኩላሊትሽን ነበር።”

ሚጣ ፊቷን በሸሚዙ ሸፈነች። “ምንም ቃል አልገባልኝም እኮ። ራሴ ነኝ የማይሆን ነገር ያሰብኩት። የፕሮፌሰር ልጅ ነው፤ እኔ የእናቱን ቀሚስ ባሳጥር እንኳ በጓሮ በር ነው የምገባው። ግን ‘የምነግርሽ ነገር አለኝ’ አለኝ፣ እማማ። ሠርጌ ነው ሊለኝ ነበር ማለት ነው? ደግሞ ለምን ለእኔ? ቀሚሷን እንድሰፋለት ይሆን?”

“ስሚኝ።” አያቷ የሸሚዙን ጫፍ ጎተቱና ፊቷን ገለጡት። “ያግባ። አንድ አይደለም አሥር ያግባ! እኔ ምን አገባኝ? አንቺ እግርሽን ይዘሽ ነይልኝ። ማኩረፍ ካማረሽ መጀመሪያ በሁለት እግርሽ ቁሚና እንደፈለግሽ አኩርፊ። እኔም አብሬሽ አኮርፋለሁ፤ ሥራ የለኝ!”

ሚጣ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። “እሺ፣ እሄዳለሁ” አለች። ለመታከም ይሁን በቃኝ ለማለት ግን አላለችም፤ ራሷም አላወቀችውም።

*

በማግስቱ በኮሪደሩ ሲስተሯ ብቻዋን ነበረች፤ አያቷ እንዳሉትም ሳቂታ ናት። ሚጣ የማሽኑ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመች። ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ ይሁን ከቁስሉ ትኩሳት፣ ጉንጮቿ ቀልተዋል። አያቷ ክንዷን አጥብቀው ይዘዋል፤ ልጅቷ ሮጣ እንዳታመልጥ የሚፈሩ ይመስላሉ፣ በአንድ እግሯ!

የኮሪደሩ ጫፍ በር ተበረገደ።

“መንገድ! መንገድ ልቀቁ! ሙሽራዋ ደረሰች!”

ባለ ማሽኑ ነበር፤ አንድ ሰማያዊ ሳጥን ደረቱ ላይ አቅፎ እየሮጠ ይመጣል። ሚጣ ሳጥኑን አላየችም፤ ከኋላው ነበር የምታየው። ሻንጣ የምትጎትት ረጅም ሴት በዚያው በር ገባች።

“ይቺ ናት?” አሉ አያቷ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸው ኮሪደሩን ሞላው። “ቀጫጫ ናት። አሁን ይቺ ምኗ...”

“እማማ!”

ሴትየዋ ወደ መድኃኒት ማደያው መስኮት ታጠፈች። ሚጣ አሁን ወዴት እንደምታይ ጠፋባት። ባለ ማሽኑ እያለከለከ ፊቷ መጥቶ ቆመ። ሌሊቱን ስታጠና ያደረችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፍቶ፣ ያልጠበቀችው ወጣ።

“እንኳን ደስ ያለህ።”

“እንኳን አብሮ ደስ ያለን!” አለ ከልቡ። “እንቅልፍ እኮ አልተኛሁም። ጉምሩክ ይይዟታል ብዬ ስፈራ!”

“ጉምሩክ?” አሉ አያቷ። “ዘንድሮ ሰውም ይቀረጣል?”

“ቆንጆ ናት?” አለች ሚጣ። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ብላ ስታጠነክረው እንደ ክስ ሆነባት።

“እንጃ፣ እኔም ገና አላየኋትም። እንደተሸፈነች ናት።”

“ሳታያት ነው?”

“ምን ላድርግ? ያለኝን ተስፋ ሁሉ እሷ ላይ ጥያለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ለመንኩ፤ አለቆቹን፣ ዶክተርን፣ ሁሉንም። ያለ እሷ አይሆንም አልኩ።” ሳጥኑን ወደ እሷ ጠጋ አደረገው፤ ዓይኖቹ ቀልተው ያበራሉ። “ደግሞ ላንቺ ብዬ አይደል ያመጣኋት?”

ሚጣ አፏን ከፈተች። አያቷ ግን የልጅቷን ክንድ ለቀው ወደፊት ራመድ አሉ።

“ለእሷ ብለህ? ሙሽራህን ለልጄ? ምን አድርጋ ታያት ብለህ ነው? አንተ ልጅ፣ ደህና ሰው መስለኸኝ! ሰው እኮ ሲያገባ ዝም ብሎ ያገባል፤ የታመመ ሰው ፊት ሙሽራ ይዞ አይሮጥም!”

ሲስተሯ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አልቻለችም፣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ በሳቅ ፈነዳች። “ወየው ጉዴ! ሙሽራ... ኧረ እማማ፣ ሙሽራ የምንላት እኮ መድኃኒቷን ነው!”

“የምን መድኃኒት?”

“ያቺን አረፋ!” አለች እንባዋን እየጠረገች። “ተሸፋፍና ስለምትሄድ፣ ቦታዋ ሳትደርስ ማንም ስለማይገልጣት። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ እዚህ ክፍል ሁላችንም ሙሽራ ነው የምንላት። ይቺ ደግሞ ለሚጣ ተሐዋስያን ተብላ የተሠራች ናት፤ የበፊቷ አዳከመቻቸው እንጂ አልጨረሰቻቸውማ!”

ባለ ማሽኑ ሳጥኑን እንዳቀፈ አንዴ ሲስተሯን፣ አንዴ አያቷን ያያል። ሚጣ ሳቅ መጣባት፤ ወዲያው ደግሞ ሀፍረት መጥቶ ሳቁን ዋጠው። ትናንት በመድኃኒት ቀንታ እግሬን ቁረጡ ያለችው እሷ ናት? ከመድኃኒት ጋር ነው ያኮረፈችው?

“ቆይ” አለ ባለ ማሽኑ ቀስ ብሎ። “እኔ ባገባስ፣ አንቺን ምን አስከፋሽ?”

ሚጣ ክራንቿን ማስተካከል ጀመረች።

“ወይ አንተ!” አለች ሲስተሯ። “ሥጋ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታያለህ፤ ፊትህ የቆመውን አታይም።”

ያን ጊዜ ገባው። መጀመሪያ ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ አንገቱ። ሳጥኑን ለሲስተሯ አስረከበና ባዶ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። “ልነግርሽ ያልኩት ነገር...” ብሎ ጀመረ።

“አሁን አትናገረውም።”

ሁሉም ዞሩ። ፕሮፌሰሯ ከቢሮዋ በር ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመችና ምን ያህል እንደሰማች ማንም አያውቅም። መነጽሯን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

“ከተናገርከው ማሽኑን አትይዝም” አለች። “የታካሚን እግር የሚነካ እጅ ሌላ ጉዳይ ሊኖረው አይገባም። የእኔ ሕግ አይደለም፤ የሥራው ነው። ሲስተር ሳጥኑን ልትከፍት ነው፤ መድኃኒቷ ከወጣች በኋላ የእናንተን ጉዳይ አትጠብቅም። ወይ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ፣ ወይ ተናገርና ውጣ።” ወደ ሚጣ አየት አደረገችና መልሳ ወደ ልጇ ዞረች። “ደግሞ ማዘንና መውደድ እንዳይምታቱብህ። የታመመች ልጅ ማንንም ታሳዝናለች።”

የሚጣ ልብ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ማዘን ይሆን እንዴ? እሱም ሳያውቀው? ዝም በል፣ እግሬን አንተ ያዝልኝ፣ አለች በሆዷ፤ ከአንተ እጅ ሌላ አላምንም። ተናገር፣ አለች ደግሞ በዚያችው ቅጽበት፤ ካልተናገርክ የዳነ እግር ይዤ ምን ላደርገው ነው? ሁለቱንም ፈለገች፤ ሁለቱንም ፈራች።

ባለ ማሽኑ ጓንቱን ከኪሱ አወጣ። አንዱን ጣት አስገባ። ቆመ። ከዚያ አወለቀው።

“እማዬ” አለ።

ሲስተሯ የሳጥኑን ክዳን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በዚህ ግቢ ውስጥ ይህንን ቃል ከአፉ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለም።

“እማዬ፣ አንቺ ያዥልኝ። ከእኔ የሚሻል እጅ ያለው ያንቺ ብቻ ነው። እኔ... እወዳታለሁ። ማዘኑንም አዝኛለሁ፤ ሁለቱን አላምታታኋቸውም። አንቺው ነሽ አየት አድርጎ መለየትን ያስተማርሽኝ።”

ለሚጣ አይደለም የነገራት፤ ስለ ሚጣ ለእናቱ ነው የነገረው። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ሲያርፍ፣ ለእሷ ያልተባለው ቃል፣ ለእሷ ቢባል ከሚያንቀጠቅጣት በላይ አንቀጠቀጣት። የፕሮፌሰሯ ፊት አልተለወጠም። ከልጇ እጅ ጓንቱን ስትቀበል ግን እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ።

“ውጪ ቁም” አለችው። “ሂድ፣ አትታየኝ።”

*

ክፍሉ ውስጥ ሚጣ አልጋው ላይ ተጋደመች። ፕሮፌሰሯ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና የቀረውን በፎጣ ሸፈነችላት። እጇ ደረቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይቸኩልም።

“ዶክተር” አሉ አያቷ ከራስጌው ቆመው፤ “እርስዎም ልጅ የወለዱ ነዎት። የልጅ ነገር መቼም አንጀት...”

“እናቴ፣ እግሩን እያየሁ ነው። አያናግሩኝ።”

“እሺ፣ እሺ፣ አልናገርም። እኔ ምን ተናገርኩ?”

ፕሮፌሰሯ ለሚጣ ጎንበስ አለች። “እንዳትሳሳቺ” አለች ዝግ ብላ። “ማሽኑን የያዝኩት እግርሽ እግር እንዲሆን ነው። ሌላውን ነገር ገና አላሰብኩበትም።”

“አውቃለሁ፣ ዶክተር።”

“ሲሞቅሽ ወዲያው ንገሪኝ። ካልነገርሽኝ ሊያቃጥልሽ ይችላል።”

ሲስተሯ መርፌውን በክንዷ ሰጠቻት። ቅባቱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀዘቀዛት፤ በላዩ የማሽኑ እጅ አረፈ። የማሽኑ መስታወት ጥቁር ነበር። አያቷ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩታል፤ ሚጣም ታየዋለች። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከጥቁሩ ውስጥ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ፤ በዙ፤ ብረቱ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

“ደረሱ” አለች ፕሮፌሰሯ። አውራ ጣቷ፣ ሳታስበው ይሁን አስባ፣ የሚጣን ቅልጥም ሁለት ጊዜ ዳበስ አደረገው። “አሁን።”

ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። ነጥቦቹ ብቻ ብልጭ፣ ብልጭ እያሉ ይጠፋሉ፤ በጠፉበት ሌሎች ይመጣሉ። ይሠራ ይሆን? አይሠራ ይሆን? ዛሬ ማንም ሊነግራት አይችልም። ሚጣ አንገቷን አዞረች። ከመስታወት መስኮቱ ማዶ ባለ ማሽኑ ቆሟል፤ አትታየኝ የተባለውን እናቱን እየፈራ ግማሽ ፊቱን ብቻ አውጥቷል። ዓይኑ ማሽኑ ላይ አይደለም። ያን ግማሽ ፊት እንዳየች፣ ትናንት ምን እንዳስለቀሳት፣ ነገ ምን እንደሚሆን፣ ይቺ ቀዝቃዛ እጅ ወዳጅ ትሁን ዳኛ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደባለቀባት፤ መለየትም ተወች።

“ሞቀሽ?” አለች ፕሮፌሰሯ።

“አዎ፣ ዶክተር።”

“የት ላይ? አጥንቱ ላይ ነው ቆዳው?”

“እንጃ።” ዓይኖቿን ከመስኮቱ አላነሳችም። “አንድ ቦታ ላይ አይደለም።”

ፕሮፌሰሯ የልጅቷን ዓይን ተከትላ ወደ መስኮቱ አየች፤ ግማሽ ፊቱ ጠፋ። ከዚያም ፊቷን ወደ ማሽኑ መለሰችና፣ “ሲስተር፣ ኃይሉን ቀንሺላት” አለች።

ሲስተሯ ቀነሰች። የሚጣ ሙቀት ግን አልቀነሰም።